ውጭ የቆመው ኤሌክትሮን

ደባርቅ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው «ያ ስህተት ሲያስተምር የተያዘው መምህር» እያሉ ስለ ያርጋል ሲያወሩ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ያየውም ያላየውም ያወራል። እኔ ግን ከእሱ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተምሬአለሁ። እስከዳር እባላለሁ፤ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ የማስተምረው አማርኛ ነው። ምላሴ እንደማያርፍ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገሩን ለስለስ አድርጌ እንዳወራለት የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ቢተወው ይሻላል።

ጓሳ ሜዳ ከዳባት አስፋልት ወርዶ ወደ ተራራው ግርጌ በእግር የሚኬድባት የገጠር ቀበሌ ናት። ትምህርት ቤታችን እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መማር የሚፈልግ ልጅ ዳባት ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን በየሳምንቱ ተሸክሞ ይመላለሳል። የቻለ ይማራል፤ ያልቻለ ይቀራል። አብዛኛው ይቀራል። ይህን የምናስተምረው ሁላችን እናውቃለን፤ እያወቅንም ጠዋት ጠዋት ደወል እንደውላለን።

ያርጋል የወገራ ሰው ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ ገጠር። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ ለድቁና ሲዘጋጅ አባቱ ሞቱበት፤ አጎቱ ወስደው አስኳላ አስገቡት። ኮሌጅ ተምሮ የጠቅላላ ሳይንስ መምህር ሆነና እኛ ዘንድ ተመደበ። ሌላው መምህር በመጣ በዓመቱ ዝውውር ሲጠይቅ እሱ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም። «እዚህ ምን ቀረህ?» ስለው «ልጆቹ ይጠይቃሉ» ይለኛል፤ የሌላ አገር ልጅ አፍ የሌለው ይመስል። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ሲሄድ ያጎነብሳል። ኪሱ ውስጥ ጠመኔና የገብስ ቆሎ አንድ ላይ ይይዛል፤ ጥሩ ጥያቄ ለጠየቀ ልጅ ያንኑ ጠመኔ የነካው ቆሎ ይዘግንለታል። «ሆዳቸውን ልትፈጀው ነው» ስለው «ካልሲየም ነው፤ አጥንት ያጠነክራል» ብሎ ይስቃል። አንዳንዴ ሞኝ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሞኝስ አልነበረም።

በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤቱ የተዋጊ ማደሪያ ሆኖ ከርሞ ኖሮ ስንመለስ ወንበሩም፣ ግድግዳ ላይ የነበረው የሳይንስ ሥዕልም ለማገዶ ነዶ ጠበቀን። የስምንተኛ ክፍል ትምህርት አቶም ላይ ደረሰ። አቶምን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ሥዕሉ ደግሞ አመድ ሆኗል። ያርጋል ይህን ጊዜ ልጆቹን ይዞ ወደ ሜዳው ወጣ። እኔም ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም፤ ምን ሊሆን ነው ብዬ ተከትዬ ወጣሁ።

በዱላ መሬቱ ላይ አንዱ ባንዱ ውስጥ የሆነ ክብ ሣለ። ከዚያ ከጉብታው ላይ ያለችውን ኪዳነ ምሕረትን አሳያቸው። የእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ ልጆቹ ከክርስትናቸው ቀን ጀምረው ያውቁታል።

«ይሄ መሐሉ መቅደስ ነው በሉ» አላቸው። «ይሄ ኒውክለሱ ነው፤ ፕሮቶንና ኒውትሮን እዚያ አሉ። ኤሌክትሮኖቹ በዙሪያው ናቸው። ቀጥሎ ያለው ቅድስት፤ ሁለት ብቻ ይይዛል። ከዚያ ቅኔ ማኅሌት፤ ስምንት። የተረፈው ግቢው ላይ ይቆማል። ውስጡ ሳይሞላ ውጭ የሚቆም የለም። እውነተኛው ኤሌክትሮን እንዲህ ረግቶ አይቆምም፤ ለእኛ ግን ለጊዜው ይቁምልን።»

ከዚያ «ሶዲየም! አሥራ አንድ!» ብሎ ሲጮህ አሥራ አንድ ልጅ ሮጦ ገባ። ሁለቱ ቅድስት፣ ስምንቱ ቅኔ ማኅሌት፣ አንዱ ብቻውን ግቢ። ከወዲያ ማዶ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሣለና ክሎሪን አለው፤ ግቢው ላይ ሰባት ልጆች ቆሙ። ውጭ የቆሙት ስምንት ሲሆኑ እንደሚረጉ ነገራቸው። ይሄኔ ከሶዲየም ግቢ የተረፈው አንዱ ሮጦ የክሎሪኖቹን እጅ ያዘ። «ምን ሆነ?» ሲላቸው «ጨው!» ብለው ሜዳውን አናጉት።

መሪጌታ ደርቤ፣ የኪዳነ ምሕረት አገልጋይ፣ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩ።

«ያርጋል፣ ምነው ቤተ ክርስቲያናችንን ሜዳ አወረድኸው?»

«አቶም ነው አባቴ።»

ምን ምን እንደሆነ አስረዳቸው። እሳቸውም መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙና «ቅድስት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ? ቆራቢው የት ይግባ?» አሉት።

«ለአቶም ሁለት ይበቃዋል አባቴ።»

«ድሀ ደብር ነው በለኛ!» ብለው ስቀው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ የጓሳ ሜዳ ልጆች ኤሌክትሮን መደርደር እንደ ጨዋታ ያዙት። ከሁሉ የባሰባት ሸጊቱ ነበረች። አጭር፣ ቀጭን፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ ናት። እስከ አርጎን ያለውን ንጥረ ነገር ሁሉ፣ ማን ቅድስት ማን ግቢ እንደሚቆም፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እንኳ እየደረደረች ነው የምትሄደው። አባቷ ሞተዋል። እናቷ እትዬ አገርነሽና ታላቅ ወንድሟ አገኘሁ ናቸው የሚያሳድጓት። አገኘሁ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል።

በዚያ ክረምት ነው እንግዲህ ማስታወቂያው የመጣው። ከስምንተኛ ክፍል ጎበዝ ጎበዙን በጽሑፍ ፈተና መርጦ፣ ምግብና መኝታ ሰጥቶ የሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ተባለ። ለእኛ ልጆች ከሰማይ የወረደ ነገር ነበር። ያርጋል አራት ልጆች መረጠ፤ ሸጊቱ አንዷ፣ ቃለ አብ የሚባል ዝምተኛ ልጅ ሌላው፣ ሁለት ደግሞ ከታች መንደር። ክረምቱን ሙሉ፣ ደመወዝ የሚከፍለው ሰው ሳይኖር፣ ዝናብ እየደበደበው አስጠናቸው።

እትዬ አገርነሽን ለማስፈቀድ ቤታቸው የሄድነው እኔና እሱ ነን። እሳቸውም ነገሩን አልሸፋፈኑትም።

«እኔስ መማሯን ጠልቼ ነው?» አሉን። «ካለፈች እግዜር ይስጣችሁ፣ ትሂድ። ካላለፈች ግን ዳባት ላይ ቤት ተከራይቼ የማስተምርበት አቅም የለኝም። ከወንድሟ ጋር ቆላ ትወርድና ለአጫጆቹ ታበስላለች። ወባው እንኳ ስንቱን በላ፤ ግን ምን ላድርግ? እናንተው ንገሩኝ እስቲ።»

ምን እንነግራቸዋለን? 

ነሐሴ ላይ አራቱን ይዘን ደባርቅ ሄድን። ጉሙ ከተማውን ሸፍኖታል፤ ባጃጁ ሁሉ በቀን መብራት አብርቶ ነው የሚሄደው። አራቱን አራት ክፍል አስገቧቸው። እኔና ያርጋል አጥሩ ሥር ቆመን እየተንቀጠቀጥን ጠበቅናቸው። ሲወጡ ሸጊቱ ከሁሉ ቀድማ፣ ጭቃው እየተፈናጠረባት፣ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ! አቶም መጣ! የሶዲየምን ኤሌክትሮን ደርድሩ ይላል! ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ!»

ቃለ አብም «እኔም» አለ፤ ሌሎቹም «እኛም» አሉ። ያርጋል ደስታው መቀመጫ አሳጣው። ሻይና ፓስቲ ልንጋብዛቸው ይዘናቸው ገባን። እዚያ ተቀምጠን ነው ሌላውን የጠየቃቸው።

«ከዚያስ? ሌላ ምን ጠየቁ?»

«ከቅድስትና ከግቢው… ማለቴ ከአንደኛውና ከሦስተኛው እርከን ኤሌክትሮኖች የትኛው ከፍተኛ ጉልበት አለው? ለምን? ይላል» አለች ሸጊቱ።

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«የአንደኛው ነዋ! ለማዕከሉ የቀረበ ክብሩም ጉልበቱም ከፍ ያለ ነው፤ ከውጭ የቆመ ግን ዝቅ ያለ ነው ብዬ ጻፍሁ።»

ያርጋል ወደ ቃለ አብ ዞረ። ቃለ አብም እንደዚያው ነው የጻፈው። ሌሎቹ ሁለቱም እንደዚያው። ያርጋል የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠና ፊቱ አመድ መሰለ። ልጆቹ ፓስቲያቸውን እየበሉ ስለነበር አላዩትም። እኔ አየሁት።

«ምነው?» አልሁት ወጣ ስንል።

«ተገላቢጦሽ ነው» አለኝ። «ጉልበት የሚበልጠው የውጭው ነው። ገደል ሥር ያለ ድንጋይና አፋፍ ላይ ያለ ድንጋይ አስቢ። የሥሩ ምንም አያደርግም፤ ያፋፉ ነው ወርዶ ሰው የሚገድል። ኒውክለሱ ይስባል፤ የቀረበው ተስቦ ወርዶ የተያዘ ነው።»

«ታዲያ አልነገርሃቸውም?»

«ነግሬአቸዋለሁ እንጂ። አንድ ቀን ነገርኋቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ግን ሥዬ ነው ያሳየኋቸው።»

ይህን ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብጠየቅ እንደ ልጆቹ ነበር የምመልሰው። በእኛ አገር ለመቅደስ የቀረበው ከውጭ ከቆመው አንሶ ያየ ማን አለ? ካህኑ ውስጥ ነው፤ ቆራቢው ውስጥ ነው፤ ያልቆረበ፣ አራስ የሆነች፣ ንጹሕ አይደለሁም ያለ ሁሉ ግቢ ዛፍ ሥር ነው። ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ ያወቁትን በወረቀት ላይ አሰፈሩት። ቢሆንም «አንዲት ጥያቄ ብትበላሽ ምን ይመጣል? ሌላውን ሠርተውታል» ብዬ አጽናናሁት። እንዲያ ያልሁበትን አፌን አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ውጤቱ መጣ። የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ስም አለ። የእኛ አራቱም ውጤት በኩረጃ ተሰርዟል ይላል። አራቱ አንዱን ስህተት በአንድ ዓይነት ቃል ጽፈውት ተገኝቷልና።

 ያን ቀን ክፍል የማስተምረውን ትቼ ያርጋልን ጎትቼ ደባርቅ ወጣሁ። የፈተናው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ መንግስቴ የሚባል፣ ስልኩን ከእጁ የማያስቀምጥ ሰው ነው። ተቀመጡ እንኳ አላለንም።

«አራቱ የተፈተኑት በአራት ክፍል ነው» አልሁት። «በግድግዳ ነው የኮረጁት?»

«በአራት ክፍል ሆነው አንድ ቃል ከጻፉ እንግዲያስ ጥያቄው ቀድሞ ወጥቶላቸዋል ማለት ነው» አለኝ።

«ወጥቶላቸው ስህተት ይመልሳሉ? የተሰረቀ መልስ ስህተት ይሆናል እንዴ?»

«መልሱን የሰጣቸው ሰው ራሱ ካላወቀው ይሆናላ» አለና ያርጋልን አየው።

ያርጋል አልተቆጣም። ይኼው ነው የእሱ ነገር፤ መቆጣት በሚገባበት ቦታ ያስረዳል። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብሎ በጣቱ ክብ እየሠራ መቅደሱን፣ ቅድስቱን፣ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ግቢውን አንድ በአንድ አሳየው። ልጆቹ ለምን እንደዚያ እንዳሰቡ ነገረው። «ቃሉ የአንድ ሰው ቃል አይደለም። ያው እኛ ሁላችን የምንለው ነው» አለው።

አቶ መንግስቴ አንድ ጊዜ ስልኩን ትቶ ሰማው። ለአፍታ የገባው መሰለኝ።

«መጽሐፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ?» አለው።

«የለም።»

«ታዲያ አንተ ከየት አመጣኸው?»

«ልጆቹ የሚያውቁት ክብ እሱ ስለሆነ ነው።»

«እንግዲህ ስማ፣ መምህር። ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ልጆቹ ኮርጀዋል፣ ወይ አንተ ስህተት አስተምረሃል። ሦስተኛ ነገር እኔ ጽፌ ወደ ላይ መላክ አልችልም። የትኛውን ልበል?»

በእግሬ የያርጋልን እግር ረገጥሁት። ዝም በል ለማለት ነው። እስኪያመው ረገጥሁት።

«እኔ ነኝ» አለ ያርጋል። «ስህተት ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ንጹሕ ናቸው። እንደዚያ ተብሎ ይጻፍና ውጤታቸው ይመለስ።»

«በቃ፣ እናየዋለን» አለ አቶ መንግስቴ።

ስንወጣ እንደ እብድ ጮህሁበት። ያልሠራውን ሠራሁ ማለቱን፣ ስሙን በገዛ አፉ ማጥፋቱን፣ ሁሉንም ነገርሁት። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ «ሸጊቱ ብታልፍ ስሜ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ።  እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ የታየው እሷ ብቻ ነበረች።

ውሳኔው ለሁለት ተከፍሎ ነው የመጣው። ስለ እሱ የተወሰነው ቀደመ፤ እንዲህ ያለው ነገር እንደሆነ አይዘገይም። በገዛ ቃሉ ስህተት ማስተማሩን ስላመነ ከሳይንስ ትምህርት ተነሥቶ ስፖርት እንዲያስተምር ተባለ። በእሱ ቦታ ሳይንሱን የያዘው ከሥራው ሁሉ መጽሐፉን ማንበብ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ቁጭ ብሎ ያነብላቸዋል፣ እነሱም ይገለብጣሉ። ያንን ስህተት የሚለው ሰው የለም።

የልጆቹ ሰነባብቶ መጣ። ኩረጃው ተነሥቶላቸዋል። ነጥባቸው ተመልሶላቸዋል። ሸጊቱ፣ ያቺን ጥያቄ ስታ እንኳ፣ የማለፊያውን ነጥብ አልፋ ተገኘች። ግን በመካከሉ ከተጠባባቂ ሌላ ልጅ ገብቷል፤ ቦታው ሞልቷል። ለመጪው ዓመት ትሞክር ተባለ። ለመጪው ዓመት ደግሞ የሚቀበለው ስምንተኛን በዚያው ዓመት የጨረሰውን ብቻ ነው። ይህን የጻፈው ሰው ያነበበው አይመስለኝም።

ቃለ አብ አባቱ በሬ ሸጠውለት ዳባት ገባ። ሁለቱ የታች መንደር ልጆች እርሻ ገቡ። ሸጊቱ ዕቃዋን ሸከፈች።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት እኔና ያርጋል ዳባት ድረስ ሸኘናቸው። አይሱዙው አስፋልቱ ዳር ቆሞ አጫጆች እየጫነ ነው። እትዬ አገርነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ዳር ቆመዋል። አገኘሁ ድስቱንና ጄሪካኑን ወደ ላይ ያቀብላል። ሸጊቱ ወደ ያርጋል መጣች። የሚያለቅስ ፊት ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«ጋሼ፣ ያቺ የሳትናት ጥያቄ መልሷ ምን ነበር?»

ያርጋል ዱላም ጠመኔም አልፈለገም። በቃሉ ብቻ ነገራት።

«የውጭው ነው ጉልበቱ የሚበልጠው። ኒውክለሱ ወደ ራሱ ይስባል አይደል? የቀረበው ተስቦ ተይዟል። ከዚያ ርቆ ለመቆም ግን ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ እየራቀ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ እየበለጠ ይሄዳል።»

ሸጊቱ መሬት መሬቱን እያየች አሰበችው።

«ታዲያ ብርቱው እሱ ከሆነ፣ ሁልጊዜ የሚሄደው እሱ የሆነው ለምንድን ነው?»

«አጥብቆ የያዘው ስለሌለ ነው» አላት።

«እ…» አለች። ራሷን ነቀነቀች። «አሁን ገባኝ፣ ጋሼ።»

ገብቷት ነበር። ይህን ያህል ጊዜ አስተምሬ አንድ ልጅ ሲገባውና ሳይገባው እለያለሁ። በዚያች ደቂቃ ማንም ወረቀት ቢሰጣት ልክ አድርጋ ትጽፈው ነበር። አገኘሁ ከላይ እጁን ዘረጋላት፤ ጎማውን ረግጣ ወጣችና ድስቷን ታቅፋ ተቀመጠች። አይሱዙው ወደ ጎንደር አቅጣጫ ሄደ። እትዬ አገርነሽ መንገዱ ላይ ተንበርክከው የጉልበታቸውን ያህል አለቀሱ፤ ያርጋል ደግፎ አነሣቸው። ከዚያ ሦስታችን ወደ ጓሳ ሜዳ ተመለስን፤ እኔ አማርኛ ላስተምር፣ እሱ ልጆች ሊያስሮጥ።